ከዌለርስ ወዲያ፦ የፒተር ቶሽ ሕይወትና የግል አልበሞቹ ከአልዌሮ ዳር ሲደመጡ

በታዋቂ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወት የነበረ ሰው ከቡድኑ ተለይቶ በስሙ አልበም ሲያወጣ አድማጭ የሚጠብቅበት ነገር አለ። ጣቶቹን እንዲያሳይ፣ በቡድኑ ውስጥ ታፍኖ የቆየ ስልቱን እንዲዘረጋ፣ ከቀድሞ ባልደረቦቹ የሚበልጥበትን እንዲያስመሰክር ይጠበቃል። የዌለርስ ጊታር ተጫዋች የነበረው ፒተር ቶሽ ከ1976 እስከ 1987 ባወጣቸው ሰባት የስቱዲዮ አልበሞች ውስጥ ይህን የሚፈልግ ሰው ብዙ አያገኝም። የሚያገኘው ሙግት ነው። ቶሽ በግል ሥራዎቹ የተሟገተው ስለ ሰላም ሳይሆን ስለ መብት ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያየው ልዩነት የሕይወቱን አቅጣጫ ወስኗል። ይህ ጽሑፍ ሕይወቱን በአልበሞቹ በኩል እየተከተለ ያንን ልዩነት ይመረምራል፤ ልዩነቱ የመሬትና የውኃ ጥያቄ ባልተዘጋበት በጋምቤላ ሲታሰብ ምን እንደሚያስረዳና ምን እንደማያስረዳም ለማየት ይሞክራል። ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቶሽ በትውልድ ስሙ ዊንስተን ሁበርት ማኪንቶሽ ይባላል። የተወለደው ኦክቶበር 19 ቀን 1944 በጃማይካ ምዕራባዊ ጫፍ በዌስትሞርላንድ፣ ግሬንጅ ሂል በተባለ ስፍራ ነው። ያደገው በዘመድ እጅ ሲሆን፣ ለሙዚቃ ያለው ቅርበት የጀመረው ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው። ጊታር እንዴት እንደተማረ የሚነገረው ታሪክ በሁሉም የሕይወት ታሪኮቹ ውስጥ ይደጋገማል፤ አንድ ሰው ሲጫወት ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ ጣቶቹን ብቻ ሲመለከት ቆየ፣ ከዚያም መሣሪያውን ተቀብሎ ያየውን መልሶ ተጫወተ ይባላል። ታሪኩ በመደጋገም ብዛት እንደ ተረት ሳይለሰልስ አልቀረም። ሆኖም ቶሽ መደበኛ የጊታር ትምህርት ሳይኖረው መሣሪያውን በጆሮና በዓይን የለመደ ሰው መሆኑን ያመለክታል።

በአሥራዎቹ አጋማሽ ወደ ኪንግስተን ሄዶ ትሬንችታውን በተባለው የድሆች ሠፈር ኖረ። በዚያም ጆ ሂግስ የተባለው ድምፃዊ ወጣቶችን ያለ ክፍያ ያሠለጥን ነበር። ቶሽ ከቦብ ማርሊና በኋላ ባኒ ዌለር ተብሎ ከታወቀው ከኔቪል ሊቪንግስተን ጋር የተዋወቀው በዚሁ የሥልጠና ግቢ ነው። ሦስቱ ወጣቶች በ1963 ቡድን መሠረቱ፤ በስቱዲዮ ዋን ባለቤት በክሌመንት ዶድ ዘንድ የቀረጹት የመጀመሪያ ዜማቸው በ1964 በደሴቲቱ ታላቅ ተቀባይነት አገኘ። ከሦስቱ መካከል መሣሪያ በመጫወት የቀደመው ቶሽ ነበር። ከጊታሩ ሌላ የቁልፍ መሣሪያ ይጫወት ነበር፤ በድምፁም ወፍራሙን ወገን የያዘው እርሱ ነው። ለማርሊ ጊታር ያስተማረው ቶሽ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል።

ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካን ሲጎበኙ በኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበላቸው ሕዝብ የጸጥታ ኃይሉን አጥር ጥሶ እስከ አውሮፕላኑ ደርሶ ነበር። እስከዚያ ድረስ በደሴቲቱ መካከለኛ መደብና በፖሊስ ዘንድ የተናቀው የራስታፈሪ እምነት ከዚያ ቀን ወዲህ በወጣት ሙዚቀኞች መካከል በፍጥነት ተስፋፋ። ዌለርሶችም በተከታዮቹ ዓመታት ወደዚያው አዘነበሉ። ይሁን እንጂ የጃማይካውያንና የኢትዮጵያ ግንኙነት በጉብኝቱ አልተጀመረም። ዶክተር መላኩ በያን በ1937 በኒውዮርክ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በጃማይካም ቅርንጫፎች ነበሩት። በ1970 ደግሞ አባ ላእከ ማንደፍሮ ወደ ጃማይካ ተልከው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን አቋቋሙ። የግእዝና የአማርኛ ቃላት ወደ ሬጌ የገቡት በእነዚህ መንገዶች ነው፤ ከቃላቱ አንዱን ቶሽ በመጀመሪያው የግል አልበሙ ላይ ስለሚያሰፍረው ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዌለርስ በ1972 ከእንግሊዙ አይላንድ ሪከርድስ ጋር ሲዋዋሉ የኩባንያው ባለቤት ክሪስ ብላክዌል ቡድኑን ለሮክ አድማጭ ሊሸጠው ፈለገ። በ1973 የወጣው «ካች ኤ ፋየር» የተዘጋጀው እንደ ሮክ ቡድን አልበም ነበር። በጃማይካ የተቀረጸው ሙዚቃ ወደ ለንደን ተወስዶ ዌይን ፐርኪንስ የተባለ አሜሪካዊ የሮክ ጊታር ተጫዋች በላዩ ላይ ጊታር ጨመረበት። ለብዙ አውሮፓዊ አድማጭ የዌለርስ ጊታር ተብሎ የታወቀው ድምፅ ከፊሉ የቶሽ አልነበረም ማለት ነው። የቶሽ ጊታር በምቱ መካከል የሚቆርጠው፣ አንዳንዴም በዋ ዋ ፔዳል የሚያጉረመርመው ነው፤ ልብ ካልተባለ ከከበሮው ጋር ተዋሕዶ ያልፋል።

በግጥምና በዜማ ረገድም ድርሻው ጠባብ ነበር። በ«ካች ኤ ፋየር» ላይ ሁለት፣ በዚያው ዓመት በተከተለው «በርኒን» ላይ አንድ ዘፈን የእርሱ ሲሆኑ፣ በኋላ የዓለም የመብት ታጋዮች መዝሙር የሆነውን «ጌት አፕ ስታንድ አፕ»ን ከማርሊ ጋር ደረሰ። እዚህ ላይ የቢትልሱ ጊታር ተጫዋች ጆርጅ ሃሪሰን ይታወሳል። ሃሪሰንም በእያንዳንዱ አልበም ላይ የሚፈቀድለት አንድ ወይም ሁለት ዘፈን ሆኖ ቆይቶ፣ ቡድኑ ሲፈርስ በ1970 የተጠራቀመውን ሁሉ በሦስት ሸክላዎች አወጣ። የቶሽ ጉዳይ ግን የቦታ ጥበት ብቻ አልነበረም። ከሁለቱ አልበሞች በኋላ የቡድኑ ስም ተለውጦ የማርሊ ስም ከፊት ሊቆም ነበር፤ አይላንድም የቶሽን የግል አልበም ለማውጣት ፈቃደኛ አልሆነም። በ1973 የደረሰበት የመኪና አደጋ የፍቅር ጓደኛውን ሕይወት ቀጥፎ እርሱንም አቁስሎት ነበር። በ1974 እርሱም ባኒ ዌለርም ከቡድኑ ወጡ።

ቶሽ ኢንተል ዲፕሎ የሚል የራሱን የሸክላ አሳታሚ አቋቋመ፤ ስያሜው አስተዋይ ዲፕሎማት የሚሉትን ሁለት ቃላት ያሳጠረ ነው። በ1975 ከፖሊስ ድብደባ በኋላ የደረሰበትን የሚከስስ ነጠላ ዜማ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው የግል አልበሙ «ሊጋላይዝ ኢት» ወጣ። የርእሱ ዘፈን ካናቢስ በሕግ እንዲፈቀድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በጃማይካ ሬዲዮ እንዳይተላለፍ ታገደ። ስለ አልበሙ የሚጻፈው በአብዛኛው በዚህ ዘፈን ላይ ያተኩራል። የጊታርን ነገር ለሚከታተል ግን ሌላ የሚገርም ጉዳይ አለ፤ የጊታር ተጫዋቹ የመጀመሪያ አልበም ላይ ከተሰለፉት የጊታር ሰዎች መካከል አል አንደርሰንና ዶናልድ ኪንዚ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይገኙበታል። በ«ካች ኤ ፋየር» ጊዜ በሌላ ሰው ውሳኔ የተደረገውን አሁን ቶሽ በፈቃዱ አደረገው። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ይህ የሚያሳየው ቶሽ በቡድኑ ውስጥ ተነፈግሁ ያለው የጊታሩን ሳይሆን የቃሉን ቦታ መሆኑን ነው።

በዚሁ አልበም ላይ በነጎድጓድ ድምፅ የሚጀምር፣ ርእሱ «እግዚአብሔር» የሆነ ዘፈን አለ። ርእሱ በላቲን ፊደል ቢጻፍም ቃሉ የእኛው ነው። የወጣበት ወቅትም የሚታወስ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ካረፉ ገና አንድ ዓመት ገደማ መሆኑ ነበር። ማርሊ ለዕረፍታቸው ዜና በነጠላ ዜማ መልስ ሰጥቷል። የቶሽ ዘፈን ግን ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ፈጣሪ የሚያቀና ምስጋና ነው። ቃሉ በግእዝ እግዚእና ብሔር ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ሲሆን የአገር፣ የምድር፣ የሕዝብ ጌታ ማለት ነው። ይኸው ብሔር የሚለው ቃል በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥታችን ውስጥ የሉዓላዊነት ባለቤት ተደርጎ ይገኛል። ቶሽ ይህን ሊያስብ አይችልም ነበር። ነገር ግን ለኢትዮጵያዊ አድማጭ፣ በተለይም አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንገር፣ ኦፖና ኮሞ ተብሎ በብሔር በተዋቀረ ክልል ውስጥ ለሚኖር፣ ቃሉ ሁለቱንም ትርጉም ይዞ ይሰማል፤ ምድሪቱ የማን ናት የሚለው ጥያቄ በፈጣሪ ስም ውስጥ ሳይቀር አለ።

ሁለተኛው አልበም «ኢኳል ራይትስ» በ1977 ወጣ። የሥራዎቹ ሁሉ ማዕከል ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከበሮውን ስላይ ደንባር፣ ቤዙን ሮቢ ሼክስፒር ይዘውታል፤ እነርሱ የተሰለፉበት አጃቢ ቡድን በኋላ ዎርድ ሳውንድ ኤንድ ፓወር ተብሎ ታወቀ። አልበሙ ከማርሊ ጋር በደረሱት በ«ጌት አፕ ስታንድ አፕ» ይከፍታል፤ ያንኑ ዘፈን ለብቻው መልሶ መቅረጹ የባለቤትነት ጥያቄ ማንሣቱ እንደነበር መገመት አያዳግትም። የአልበሙ የርእስ ዘፈን ሐሳብ ሲጠቃለል ይህ ነው፤ ሁሉም ስለ ሰላም ይጮኻል፣ ስለ ፍትሕ የሚጮኽ ግን የለም፤ እኩል መብት ሳይኖር የሚመጣ ሰላም ለቶሽ ትርጉም የለውም። «አፍሪካን» የሚለው ዘፈን ደግሞ የጥቁር ሰው ማንነት በተወለደበት ደሴት፣ በሃይማኖቱ ወይም በቆዳው ቅላትና ጥቁረት ደረጃ እንደማይለወጥ ይከራከራል። የመጨረሻው ዘፈን ስለ አፓርታይድ ነው። ሶዌቶ ደም በፈሰሰ በዓመቱ የወጣ ሲሆን፣ ክሱ ስለ ዘር ጥላቻ ብቻ አይደለም፤ ስለተያዘ መሬት፣ ስለ ተቆፈረ ወርቅና አልማዝ ነው። መብት ለቶሽ የሚጨበጥ ነገር ነበር።

የሚጨበጥ ነገር ከሆነ ደግሞ በሚጨበጥ ስፍራ ሊፈተን ይችላል፤ ለዚህም የአልዌሮ ግድብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግድቡ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአቦቦ ወረዳ ይገኛል። የተሠራው ቶሽ የመጨረሻ አልበሞቹን በሚቀርጽበት ዘመን፣ ጋምቤላ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር ሳለ፣ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ለሰፊ የመስኖ እርሻ ታስቦ ነው። በዚያው ዘመን ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጋር ተያይዞ በደርግ የሠፈራ ፕሮግራም ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታም ብዙ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ ተጓጓዘ። የአልዌሮን ዳርቻ በበቆሎና በማሽላ፣ ወንዙን በዓሣው ያውቁት የነበሩት አኙዋዎች ናቸው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ግድቡ የታሰበለትን ያህል ሳያለማ ለብዙ ዓመታት ቆየ፤ በኋላም ሳውዲ ስታር ለተባለ ኩባንያ 10,000 ሄክታር መሬት ለሩዝ እርሻ በሊዝ ተሰጠና የግድቡ ውኃ ወደዚያ እንዲሄድ ታቀደ።

የቶሽ ሙግት አንዱ ክፍል እዚህ በትክክል ይሠራል። በክልሉ ግጭት በተነሣ ቁጥር ሽማግሌና ባለሥልጣን ይሰበሰባል፣ ስለ ሰላም ይነገራል፣ እርቅ ይወርዳል፤ መሬቱና ውኃው የማን ነው፣ በማን ፈቃድ ተሰጠ የሚለው ግን ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ቶሽ የነቀፈው እንዲህ ያለውን ቅደም ተከተል ነው። ሌላው ክፍል ግን አይሠራም። በአፓርታይድ ዘፈኑ ውስጥ ቀሚና ተቀሚ በቀለም ተለይተው ይታወቃሉ። በአልዌሮ ዳር የሠፈረው የወሎ ገበሬ ለአኙዋው መሬቱን የያዘበት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ራሱ ግን በረኀብና በመንግሥት ትእዛዝ ከመሬቱ የተነቀለ ነው። ሁለቱም ተበዳዮች ናቸው፤ በደላቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ የአንዱ ካሣም በሌላው መሬት ላይ ተከፍሏል።

«አፍሪካን»ም ቢሆን በጋምቤላ ከተማ ሲደመጥ በኪንግስተን ያልነበረ ሻካራነት ያገኛል። ደገኛው ቀይ፣ የአገሬው ተወላጅ ጥቁር በሚባልበት ቦታ ቶሽ የሻረው የቆዳ ደረጃ የዕለት ተዕለት ንግግር ነው። ዘፈኑ ሁለቱንም አፍሪካዊ ይላቸዋል። ይህ ለአንዳንዱ አድማጭ እኩልነት ነው፤ ለሌላው ደግሞ የተለየ በደሉን የሚያለሳልስ ማጠቃለያ ሊመስል ይችላል። ቶሽ ከባሕር ማዶ ሆኖ ያያት አፍሪካ በውስጧ ልዩነት አልነበራትም። ይህን እንደ ጉድለት መቁጠር ተገቢ ነው፤ የባርነት ዘር ለነበረ ሰው ግን ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደተወሰደ የሚነግረው አልነበረምና አህጉሪቱን በሙሉ ከመጠየቅ ሌላ ምርጫ እንዳልነበረውም መታወስ አለበት።

በ«ኢኳል ራይትስ» የጻፈውን ቶሽ በአደባባይ የደገመው ኤፕሪል 22 ቀን 1978 ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ጉብኝት 12ኛ ዓመት በተከበረበት ሰሞን በኪንግስተን ብሔራዊ ስታዲየም ትልቅ የሰላም ኮንሰርት ተዘጋጅቶ ነበር። በሁለቱ የፖለቲካ ፓርቲዎች ስም የሚዋጉት የሠፈር ታጣቂዎች ተኩስ አቁመዋል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ማይክል ማንሊና የተቃዋሚው መሪ ኤድዋርድ ሲያጋ ከፊት ተቀምጠዋል። በዚያ ምሽት ከተደረገው ሁሉ ዓለም የሚያስታውሰው ማርሊ የሁለቱን መሪዎች እጅ ከራሱ በላይ አጋጥሞ የያዘበትን ፎቶግራፍ ነው። ቶሽ ከዚያ ቀደም ብሎ መድረክ ላይ ወጥቶ በዘፈኖቹ መካከል ሁለቱን መሪዎች ፊት ለፊት ወቀሳቸው፤ ስለ ቅኝ አገዛዝ ውርስ፣ ስለ ፖሊስ ጭካኔ፣ በድሃው ላይ ስለተጫነው ሥርዓት ረጅም ንግግር አደረገ፣ የተከለከለውንም ካናቢስ በፊታቸው አጨሰ። ከአምስት ወር በኋላ በሴፕቴምበር 1978 ፖሊስ ይዞት ጣቢያ ውስጥ ለሞት እስኪቃረብ ደበደበው። ራሱ ተፈነከተ፤ የጊታር ተጫዋቹ እጅም ተሰበረ። የተኩስ አቁሙም ብዙ አልቆየም፤ በ1980 የምርጫ ዓመት በኪንግስተን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ።

በዚያ ኮንሰርት ላይ የሮሊንግ ስቶንሱ ሚክ ጃገር ተገኝቶ ነበር። ቡድኑ በራሱ አሳታሚ ድርጅት ቶሽን አስፈረመው፤ «ቡሽ ዶክተር» (1978)፣ «ሚስቲክ ማን» (1979) እና «ዎንትድ ድሬድ ኤንድ አላይቭ» (1981) በዚያ ወጡ። ከጃገር ጋር በጥምረት የተጫወተው የቴምፕቴሽንስ ዘፈን ለብዙ ምዕራባውያን የመጀመሪያ ትውውቃቸው ሆነ። በሮክ ቡድን ታላቅ ስታዲየሞች ውስጥ መክፈቻ ሆኖ መጫወቱ ስሙን አስፋፋ እንጂ ሙግቱን አላሳደገውም። በእነዚህ አልበሞች ላይ ጥሩ ዘፈኖች ቢኖሩም እንደ ሁለተኛው አልበም በአንድ ሐሳብ የተያያዙ አይደሉም፤ አሳታሚው የሚፈልገው ገበያና ቶሽ የሚናገረው ነገር በየተራ ይፈራረቃሉ። ግንኙነቱም ከሦስተኛው አልበም በኋላ በቅሬታ ተቋረጠ።

በ1983 በኢኤምአይ በኩል «ማማ አፍሪካ» ወጣ። ቶሽ በዚያ ዘመን በመድረክ ላይ ይዞት የሚታየው ጊታር በኤም 16 ጠብመንጃ ቅርጽ የተሠራ ነበር። ብዙዎች የጦረኝነት ምልክት አድርገው ወስደውታል፤ ምናልባትም ተገላቢጦሹ ይበልጥ ያስኬዳል፣ ጠብመንጃው ክር ተወጥሮበት መተኮስ ተስኖታልና። በሙዚቃዊ ረገድ ግን ጊታሩ ከመታየት የበለጠ ሚና አልነበረውም፤ ቶሽ እስከ መጨረሻውም የምት ጊታር ተጫዋች ሆኖ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመታት አዲስ የስቱዲዮ አልበም አላወጣም። በ1987 «ኖ ኒውክሊየር ዋር» ታተመ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1987፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 6 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ በታወጀበት በዚያው ሳምንት፣ የታጠቁ ሦስት ሰዎች ኪንግስተን በሚገኘው ቤቱ ገብተው ገንዘብ ጠየቁ። መሪያቸው ዴኒስ ሎባን ከእስር ከወጣ በኋላ ቶሽ የረዳው ሰው ነበር። ቶሽና ሌሎች ሁለት ሰዎች በጥይት ሞቱ፤ የቆሰሉም ነበሩ። 43 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ያህል ቀርቶት ነበር። ሎባን የሞት ፍርድ ተፈርዶበት በኋላ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት። የመጨረሻው አልበም በ1988 የሬጌ ግራሚ ሽልማትን አገኘ። የጃማይካ መንግሥት በ2012 ከአገሪቱ ከፍተኛ ኒሻኖች አንዱ የሆነውን የሜሪት ኒሻን ሰጠው፤ በ2015 ደግሞ ሁለት አውንስ ያህል ካናቢስ መያዝን ከወንጀልነት አወጣ። መቃብሩ በትውልድ አውራጃው በዌስትሞርላንድ፣ ቤልሞንት በተባለች የባሕር ዳር መንደር ይገኛል።